ማሽናችንን ወርሰው አጨዋወቱን ላስጠየቁን ኃላፊ

ለተከበሩ አቶ አስረስ
የወጣት መዋያዎች ሥነ ሥርዓት ማስከበሪያ ክፍል ኃላፊ
ሐይቅ

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎ፣ እንዲሁም ዘመን ሲመጣና ዘመን ሲሄድ ሳይነቃነቅ እርስዎን ለተሸከመው ወንበርዎ የተሟላ ጤና እመኛለሁ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ደህና ያልሆነውን ከዚህ በታች በትሕትና እዘረዝራለሁ።

ባለፈው ሰሞን ተላላኪዎን ልከው፣ ከጌም ቤታችን በወረሱት ማሽን ውስጥ ያለው የዘንዶና የአስማት ጨዋታ እንዴት እንደሚጀመር ጽፌ እንድልክልዎ ማዘዝዎ ደርሶኛል። ማሽኑ በላስቲክ ተጠቅልሎ ለምርመራ ተቀምጧል ብለው ለእናቴ ነግረዋት ስለነበር፣ ምርመራው እዚህ ድረስ መጥለቁን ስሰማ እጅግ ተደንቄያለሁ። የቢሮዎ ጥበቃ አብዱልሃሚድም በምሳ ሰዓት ከክፍልዎ የሰይፍ ፍጭት እንደሚሰማ፣ በየመካከሉም ክቡርነትዎ «ኧረ ገደለኝ!» እያሉ እንደሚጮኹ አጫውቶኛል። ምሳውን ትቶ ለሥራው የሚሞት ኃላፊ ስለሰጠን ለአላህ ምስጋና ይገባዋል። መልሴን በአደባባይ የምጽፈው ሌሎች ክፍሎችም የሰው ማሽን በወረሱ ቁጥር እንዳይቸገሩ በማሰብ ነው።

ምናልባት ዘንግተውኝ ከሆነ፣ ዘይቱና ኑርዬ እባላለሁ። ጌም ቤቱን በለውጡ ሰሞን ከታናሽ ወንድሜ ከሐቢብ ጋር ስንከፍት ሪባኑን የቆረጡልን እርስዎ ነበሩ፤ «ወጣቱ ሥራ መፍጠር ጀመረ» ብለው ንግግር አድርገው፣ በአንድ እጅዎ መቀሱን በአንድ እጅዎ የሐቢብን ትከሻ ይዘው ፎቶ ተነሥተዋል። ዘንድሮ ያው ቤት «የወጣት መበላሻ» ተብሎ ሲታሸግም የመጡት እርስዎ ነዎት። ቤቱም ልጆቹም የድሮዎቹ ናቸው፤ የተለወጠው በእጅዎ የያዙት ብቻ ነው፣ ያኔ መቀስ ነበር፣ አሁን ቁልፍ ሆነ።

ወደ ተጠየቅሁት ልመለስ። ምክሮቹ የእኔ ሳይሆኑ ሐቢብ ለጀማሪ ሁሉ ይሰጣቸው የነበሩ ናቸው።

አንደኛ፣ አይቸኩሉ። ጨዋታው ሲከፈት የራስዎን ሰው እንዲሠሩ ይጋብዝዎታል፤ ፊቱን፣ ቁመቱን፣ ጢሙን ይመርጣሉ፣ ከዚያም ጦረኛ ወይም ቀስተኛ ወይም ፈዋሽ ያደርጉታል። ጀማሪ ሁሉ ጦረኛ ይመርጣል፣ ቶሎም ይሞታል። ሐቢብ ፈዋሽ መረጠ፤ ፊቱንም በራሱ አምሳል አድርጎ፣ በልጅነቱ ከዋርካ ላይ ወድቆ ያተረፋትን የቅንድብ ጠባሳ ሳይቀር ሠራት። ስሙንም ሐቢብ አለው። ይህችን ነገር ልብ ይበሉልኝ፣ በኋላ እመለስባታለሁ።

ሁለተኛ፣ ዓለሙ ክፍት ስለሆነ ወደ ፈለጉበት መሄድ ይችላሉ፤ ነገር ግን ገና በመጀመሪያው መንደር ሳሉ ከአቅምዎ በላይ የሆነ ጠላት ካጋጠመዎ ይሽሹ፣ መሸሽ ነውር አይደለም። ይህን ለእርስዎ መጻፍ ለቀባሪው ማርዳት እንደሆነ አውቃለሁ። ጦርነቱ ወደ እኛ ሲቃረብ፣ ሕዝቡ ተረጋግቶ ሥራውን እንዲሠራ የሚያሳስበው የክፍልዎ ማስታወቂያ ሙጫው ሳይደርቅ፣ የክፍልዎ መኪና ኮምቦልቻን አልፎ ነበር አሉ። እኛ ማስታወቂያውን አምነን ሁለት ቀን ቆየን።

ሦስተኛ፣ ቤት ሲያገኙ ገብተው ይፈትሹ። በዚህ ጨዋታ የማንንም በር ከፍቶ መግባት፣ ሣጥኑን መበርበርና ያገኙትን ይዞ መውጣት ይቻላል፤ ባለቤቱ አጠገብዎ ቆሞ እንኳ ምንም አይልም። የሐይቅ ልጆች፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ ይህ አልዋጥላቸው ብሎ ብዙ ተጎድተዋል። ጆይስቲኩን እንደያዙ በቴሌቪዥኑ በር ላይ ቆመው «ቤቶች!» ብለው ይጣራሉ፤ የሚመልስ ሲያጡ ነውር ነው ብለው ይመለሳሉ፤ ሰይፉ ያለው ከቤቱ ውስጥ ስለሆነ በባዶ እጃቸው ጫካ ገብተው የተኩላ ራት ይሆናሉ። ሐቢብ እየሳቀ «ግባ አቦ፣ የመንግሥት ቤት ነው በለውና ግባ!» ይላቸው ነበር። እርስዎ በዚህ ረገድ ምክር እንደማያሻዎት ማሽኑን ሊወስዱ የመጡ ለት አይቻለሁ፤ ከነሠራተኞችዎ «ቤቶች» ያለ አንድም ሰው አልነበረም።

አራተኛ፣ ሸክም አያብዙ። በጨዋታው ሰውዎ ከልኩ በላይ ከተሸከመ መሮጥ ያቅተዋል፣ እግሩ ይጎተታል፣ የደረሰበት ሁሉ ይገድለዋል። ሐቢብ ይህን ለሰው ሲያስተምር ኖሮ ራሱ አልተማረውም። ከሐይቅ ከተማ ወደ አርዲቦ ሐይቅ በኩል ስንሸሽ፣ ማሽኑን እኔ በነጠላ አዝዬ፣ እሱ የጎረቤታችንን የእትዬ ጸዳለን ባል፣ ከአልጋ መነሣት ከተሳናቸው የቆዩትን ሰው፣ በጀርባው አዝሎ ከሐይቁ ዳር እስካለችው የእትዬ ጸዳለ እናት ቤት አደረሳቸው። ውሃ እንኳ ሳይጠጣ «መንገድ ላይ የቀሩ አሉ» ብሎ ተመለሰ። መታጠፊያው ላይ ጠመንጃ የያዙ ሰዎች አግኝተውት መንገድ አሳየን ብለው ይዘውት ሲሄዱ ከኋላ ይመጡ የነበሩ ሴቶች አይተዋል። የማን ወገን እንደሆኑ እዚህ አልጽፍም፤ ሴቶቹም ከፍርሃት የተነሣ ቀና ብለው አላዩም። ሐቢብ ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም። ክቡርነትዎ ከስደት ሲመለሱ ግን ጋቢ ለብሰው በከበሮ ገብተዋልና እንኳን ለቤትዎ አበቃዎ።

አምስተኛው ምክር ሳይሆን ስለ ወንጀላችን የሚገባ ማብራሪያ ነው። ማሽኑን እትዬ ጸዳለ ከእናቷ ጎታ ውስጥ በቆሎ አልብሳ ደብቃ አተረፈችልን። ሰላም ወርዶ መብራት ሲመለስ ቤቱን ከፍተን ጨዋታውን ስንከፍት፣ ሐቢብ የሠራው ሰው ወንድሜ መጨረሻ ካቆመበት፣ ከአንድ ሐይቅ ዳር ቆሞ አገኘነው። በዚህ ጨዋታ ሰውዬው ካልነኩት ዝም ብሎ ይቆማል፤ ደረቱ ከፍ ዝቅ ይላል፣ አንዳንዴም እግር ይቀይራል። እናቴ ዑምኩልሱም ይህን አይታ «ይተነፍሳል እኮ» አለች። አስከሬን ስላላገኘን በሐቢብ ላይ የጀናዛ ሰላት እንዲሰገድ እስከ ዛሬ አልፈቀደችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጁምዓ ከሰላት መልስ እየመጣች «ክፈቺልኝ» ትለኛለች፤ እከፍትላታለሁ፤ በርጩማ ላይ ተቀምጣ «አብሽር ልጄ፣ አለሁ» እያለች ታየዋለች። ልጆቹም ማንም ሳያዛቸው አንድ ልማድ አበጁ፤ የኳስ ጌም ሊጫወት የመጣው ሁሉ አስቀድሞ ሐቢብን ይከፍታል፣ ሰላም ይለዋል፣ አንዲት እርምጃ እንኳ ሳያንቀሳቅሰው ይወጣል። ሙስሊሙ «አሰላሙ አለይኩም» ይለዋል፣ ክርስቲያኖቹ እነ ፈንታሁን «እንዴት ዋልክ» ይሉታል። ይኸው ነው ክፍልዎ በማሸጊያው ወረቀት ላይ «ሙት በቴሌቪዥን ማነጋገርና ወጣቱን ለባዕድ አምልኮ ማሰባሰብ» ብሎ የጻፈው። ወረቀቱን ያረቀቀውን ሰው አደንቃለሁ፤ ሐቢብ ሲጠፋ አመልክተን ክፍልዎ አንዲት መስመር ሊጽፍልን ቀለም አልነበረውም።

ስድስተኛውና ዋናው፣ ያለዚህ የቀደሙት ሁሉ ከንቱ ናቸው። ማሽኑ ተጫዋች ያቆመበትን ቦታ ያስቀምጣል፣ ልጆቹ ሴቭ ይሉታል። ለዚህ ጨዋታ ሦስት ማስቀመጫ አለ፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ባዶ ናቸው፣ እንደ ወደዱ ይጠቀሙባቸው። በመጀመሪያው ውስጥ ያለው ወንድሜ ነው። በእሱ ላይ አዲስ ጨዋታ ከጀመሩ የነበረው ይጠፋል፤ ከማሽኑ ሌላ የትም አልተቀመጠም፣ ጎበዝ የተባለ ሠራተኛም አይመልሰውም። እባክዎ፣ ክቡር አቶ አስረስ፣ እዚህ ላይ አሽሙሩን ትቼ እለምንዎታለሁ። ጦረኛ ይሁኑ፣ ጠንቋይ ይሁኑ፣ የዘንዶውን ንጉሥ ይግደሉና ይንገሡ፣ ሐቢብን ግን አይንኩብን። የሚቻል ከሆነም ማሽኑን ይመልሱልን፤ ቤቱ ታሽጎ ይቅር፣ አብረው የወሰዱትን ቴሌቪዥንም ለቢሮዎ ይያዙት፣ ከጎረቤት እንዋሳለን። እናቴ ሦስት ጁምዓ በታሸገው በር ላይ ተቀምጣ ውላለች፤ መቀመጧም ሕገወጥ ስብሰባ እንዳይባል ብቻዋን እንድትሆን አድርገናል።

ለሰጡን ትኩረት፣ ለትዕግሥትዎ፣ ወጣቱን ከጌም አድነው መንገድ ዳር እንዲቆም ላደረጉበት አባታዊ ውለታ፣ ከእግርዎ ሥር ተደፍቼ አመሰግናለሁ። ረጅም ዕድሜ ይስጥዎ፤ ልጆችዎንም ከዓይንዎ አያርቅብዎ፣ ይህን ከልቤ ነው የምለው።

የክቡርነትዎ ታዛዥ፣ ግብር ከፋይና በአሁኑ ጊዜ ሥራ ፈት ሆና መጻፍ የበዛባት
ዘይቱና ኑርዬ
ሐይቅ፣ ሚያዝያ 2015 ዓ.ም.

ከፊርማዬ በኋላ የተጨመረ፦ ይህን ደብዳቤ አባዝቼ ስመለስ አብዱልሃሚድን መንገድ ላይ አገኘሁት፤ ዓይኔን ማየት አቃተው። ክቡርነትዎ የምክሬን መድረስ መጠበቅ ሰልችቶዎት ትናንት አዲስ ጨዋታ መጀመርዎን፣ የጀመሩትም በመጀመሪያው ማስቀመጫ ላይ መሆኑን ነገረኝ። ማሽኑ እንዲህ ሲደረግ የነበረው እንደሚጠፋ ተናግሮ «እርግጠኛ ነዎት?» ብሎ ይጠይቃል፤ እርስዎም አዎን ብለዋል ማለት ነው። ማሽኑን አመሰግነዋለሁ፣ ሐቢብ ከተወለደ ጀምሮ እሱን ሊያጠፋ ሲነሣ አስቀድሞ የጠየቀ እሱ ብቻ ነው። ስለዚህ ማሽኑ እንዲመለስልን ከላይ ያቀረብኩትን ልመና በትሕትና አንሥቻለሁ። ለእናቴ ምንም አልነገርኳትም፣ «አቶ አስረስ ዘንድ ተቆልፎበት ነው» እንዳልኳት አለሁ። እንግዲህ አደራዎን፣ መጥታ ብትለምንዎም፣ ብታለቅስብዎም፣ የወሰዱትን አይመልሱላት።