ኡርጂ የተወለደችበት ቀን

ኅዳር 21፣ ማክሰኞ
ዛሬ የሮዛ ፓርክስ ቀን ነበር። አሜሪካ ውስጥ፣ አውቶቡስ ላይ ለነጭ ሰው ወንበሬን አልለቅም ብላ የታሰረችው ሴት። ጠዋት በሬዲዮ ለማቀርበው የልደትና የታሪክ ቀኖች ክፍል ቆንጆ አድርጌ ጽፌው ነበር… ዲኖ ስክሪፕቱን አየና «ይቺን አውጪያት» አለኝ። አለቃዬ ነው። ደግ ሰው፣ ግን ጥላውን ይፈራል።
«ስልሳ ዓመት ያለፈው ነገር እኮ ነው!»
«ጊዜውን አታይም እንዴ፣ የወይን? ዛሬ የተወለደ አርቲስት ፈልጊና ተኪ።»
አንድ የፊልም ሰው አገኘሁ። እሱ አያስከስስም።
ማታ ቡራዩ ስገባ አከራዬ ኦቦ መገርሳ ላሞቻቸውን እያስገቡ ነው። ጠዋት ጠዋት በሬዲዮ ይሰሙኛል። «ይሄ ሁሉ ፈረንጅ መቼ እንደተወለደ ማን ይነግርሻል?»
«ኢንተርኔት።»
ልጃቸው ኡርጂ ሳቀች። «አባ፣ የእኔንስ ልደት አንተ ታውቀዋለህ?»
«ሂን ቤኩ» አሉ፣ አላውቅም። «እናትሽ ነበረች የምታውቀው።»
እናትየው ካረፈች ስድስት ዓመቷ።

ታኅሣሥ 2፣ ቅዳሜ
መንገዱ በድንጋይ ተዘግቶ እስከ አስኮ በእግሬ ሄድኩ። በማስተር ፕላኑ ሰበብ ከተማው ሊሰፋ ነው፣ የገበሬው መሬት ሊሄድ ነው ብለው ተማሪዎቹ ተነሥተዋል። የኦቦ መገርሳም ማሳ አይተርፍም ይላሉ። እኔስ? የከተማ ኪራይ ሸሽቼ እዚህ የመጣሁ ሰው… የማን ነኝ?

ታኅሣሥ 4፣ ሰኞ
ኡርጂ ከትምህርት ቤት አልተመለሰችም። «ተማሪዎቹን ፖሊስ በመኪና ጭኖ ወሰዳቸው» አሉ የሰፈሩ ልጆች። ኦቦ መገርሳ ጋቢያቸውን እንኳ ሳይደርቡ ወጡ። ጠዋት በሬዲዮ ያወራሁት ስለ ደቡብ ዋልታ ነበር፣ ሰው መጀመሪያ ስለረገጠበት ቀን። ምን አገባኝ ደቡብ ዋልታ!

ታኅሣሥ 5፣ ማክሰኞ
ኦቦ መገርሳ ቀኑን ሙሉ ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ ዋሉ። ከዐሥራ ስምንት በታች የሆኑትን ለወላጅ እየሰጡ ነው። ሌሎቹን ቅዳሜ ሩቅ ቦታ ሊወስዷቸው ነው ይባላል። የት? የሚናገር የለም።
የኡርጂ መታወቂያ ደግሞ ሃያ ዓመት ይላል።
ክረምት ላይ ሰበታ አበባ እርሻ ልትቀጠር ብላ ዕድሜዋን አስጨምራ ያወጣችው ነው። ልጅ አንቀጥርም ስለሚሉ የሰፈሩ ልጆች ሁሉ እንደዚያ ያደርጋሉ። ምስክር ሆነው የሄዱት አባቷ ራሳቸው ናቸው።
«በገዛ አፌ አስረጀኋት» እያሉ ራሳቸውን ይይዛሉ። ከዚያ እኔን አዩኝ። «አንቺ የሰው ሁሉ ልደት ታውቂያለሽ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ። የእሷንም ፈልጊልኝ።»
እሺ አልኳቸው።

ታኅሣሥ 6፣ ረቡዕ
አሞኛል ብዬ ሥራ ቀረሁ። ኦቦ መገርሳን ቁጭ አድርጌ ጠየቅኳቸው። ዓመቱን አያውቁትም። «ክርስትና የተነሣችበት ግን ትዝ ይለኛል። የግንቦት አቦ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ሬዲዮኑ ጦርነት አለ፣ ባድመ ተያዘ አለ። እንግዳው ሁሉ ጠላውን እንደያዘ ሬዲዮኑን ከበበ።»
እሱንማ አውቀዋለሁ! በየዓመቱ እጽፈዋለሁ። ግንቦት 5 ቀን 1990።
ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በሰማንያ ቀኗ ነው። ወደ ኋላ ቆጠርኩ። የካቲት 16 ላይ አረፈልኝ። ገና ዐሥራ ሰባት ናት! ልጮህ ምንም አልቀረኝ… ግን ክርስትናው ዘግይቶ ቢሆንስ? ድግሱ አልደርስ ብሏቸው የሚያቆዩ አሉ። ያኔ ቆጠራዬ ሁሉ ገደል ገባ።
ሱሉልታ ያሉት የክርስትና እናቷ እማማ ገለቴ ጋ ደወልን። ምንም ቀን ሳልነግራቸው «መቼ ተወለደች?» አልኳቸው።
«በኪዳነ ምሕረት ነዋ! በየካቲቷ። እናቷን ምጥ ያዛት ሲሉኝ ንግሡን ጥዬ ነው የሮጥኩት።»
የካቲት 16። አለቀስኩ።

ታኅሣሥ 7፣ ሐሙስ
ዲኖ ደወለ። ነገሩን ነገርኩት። «አርፈሽ ተቀመጪ። ተከራይ ነሽ እንጂ ዘመድ አይደለሽም። የት ነው የምትሠሪው ቢሉሽስ?» እውነቱን ነው። ፈርቻለሁ። ጫማዬን ሁለት ጊዜ አድርጌ ሁለት ጊዜ አወለቅኩ… ከኦቦ መገርሳ ጋር ጣቢያው ሄድኩ።
መኮንኑ ጎልማሳ ነው፣ አንገቱ ላይ ማተብ አለው። መታወቂያዋን ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረገ። «ይሄ ሃያ ይላል። ያኔ ነው የዋሻችሁት ወይስ አሁን?»
«ያኔ» አሉ ኦቦ መገርሳ። «የዋሸሁት እኔ ነኝ። እኔን እሰሩኝ።»
እንዲህ እንደሚሉ አልነገሩኝም ነበር።
እሳቸውንና ከሱሉልታ የመጡትን እማማ ገለቴን ለየብቻ ጠየቃቸው። አንዳቸው አቦን፣ አንዳቸው ኪዳነ ምሕረትን ተናገሩ። መኮንኑ የጣቶቹን አንጓ በአውራ ጣቱ እየነካ መቁጠር ጀመረ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። የካቲት፣ መጋቢት፣ ሚያዝያ… እኔም በሆዴ አብሬው ቆጠርኩ።
«ሰማንያ» አለ ቀስ ብሎ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። «ስለዚህ ዘንድሮ የካቲት 16 ዐሥራ ስምንት ትሞላለች።»
«አዎ» አልኩ።
ጻፈው። «ከዚያ ወዲያ ብትያዝ ለአባት የሚሰጥ ልጅ የለም» አለ። ኦቦ መገርሳ ፈረሙ።

ታኅሣሥ 8፣ ዓርብ
መጣች። ክስት ብላለች። እግሯን አጠብኳት።

ጥር 5፣ ሐሙስ
ማስተር ፕላኑ ቀረ ተባለ። ሰፈሩ ሁሉ ደስ ብሎታል። ኡርጂ ግን «የታሰሩትስ?» አለች። ክፍል ውስጥ አጠገቧ የምትቀመጠው ድንቅቱ አልተመለሰችም። የእሷም መታወቂያ ለአበባ እርሻ የወጣ ነው። ለእሷም ልቆጥርላት ሞክሬ ነበር። እናትም አባትም የላትም፣ ያሳደጓት ሰዎች የትኛው በዓል እንደነበር እንኳ አያስታውሱም።

የካቲት 13፣ እሑድ
ሚኒባስ ስጠብቅ ያ መኮንን አየኝ። «ልጅቷ ደህና ናት? ቀኗ ደረሰ አይደል?» ብሎኝ አለፈ። ደግነት ነው? ማስፈራሪያ? ተማሪዎቹ ደግሞ ጓደኞቻችን ይፈቱ ብለው እንደገና ሰልፍ ሊወጡ ነው ይባላል። ኦቦ መገርሳ ኡርጂን ሰንዳፋ አክስቷ ጋ ሊልኳት ፈለጉ። እሷ «ድንቅቱ ሳትፈታ የትም አልሄድም» አለች።

የካቲት 16፣ ረቡዕ
ለሥራ ልወጣ ስል በሬን አንኳኳች። አዲስ ሻሽ አስራለች። «ዛሬ ነው አይደል?»
«ምኑ?»
«ልደቴ ነዋ! አባ ነገረኝ። እስከዛሬ ልደት ኖሮኝ አያውቅም እኮ።» ፊቷ በርቷል። ከታሰረች ወዲህ ስትስቅ ገና ማየቴ ነው።
እንኳን ተወለድሽ ማለት ነበረብኝ። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። የወጣኝ ግን «ለማንም እንዳትነግሪ» የሚል ነው።
ሳቋ ጠፋ። ገብቷታል። ደብተሯን ይዛ ወጣች።
ስቱዲዮ ዲኖ ስክሪፕቱን ገለበጠ። «የልደቱ ክፍል የታለ? ስቲቭ ጆብስ ዛሬ አይደል እንዴ?»
«ረሳሁት» አልኩ። እኔ፣ ልደት የምረሳ! ትክ ብሎ አየኝና ዘፈን አስገባበት።
ማታ ከሚኒባሱ ወርጄ እየሮጥኩ ነው የገባሁት። ኦቦ መገርሳ በር ላይ ቆመዋል። ሳልጠይቃቸው «አለች፣ ውስጥ ናት» አሉኝ። ነገም በሩ ላይ እንደሚቆሙ አውቃለሁ።