በስልኬ ውስጥ ያለው ጎረቤት

ለምወድሽ እህቴ ለእታገኝ፣

እንደምን ከርመሻል? ወገብሽስ እንዴት ነው? የዱባይ ሙቀት በረደ? እንቅልፍስ ይወስድሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እማዬም ጉልበቷን እያማረረች፣ ጎረቤቱን እያማች አለች። ዝናቡ ዘንድሮ አልለቅ ብሎናል፤ ጠዋት ጠዋት ጭጋጉ እስከ በራችን ይመጣል። ይህን ሁሉ ለምን በስልክ እንዳልነገርኩሽ ስታነቢው ይገባሻል። የጎረቤታችን የረቢያ ልጅ ላምያ ወደዚያ ስትመለስ በእጇ ትሰጥሻለች።

አስቀድሜ አንድ ጉዴን ልንገርሽ፤ ሳቂብኝ፣ ለሰው ግን እንዳትነግሪ። በዚህ ዕድሜዬ ጌም ተጫዋች ሆኛለሁ! ስልክ ጠጋኙ ሻሚል ነው የጫነልኝ። እርሻ ነው፤ ትዘሪያለሽ፣ ታጭጃለሽ፣ ቤት ትሠሪያለሽ፣ ጎረቤት ይጠይቅሻል። እዚህ ሚዛን የማይጫወተው የለም። ረቢያማ በግ አልሰጠሽኝም ብላ አኩርፋኝ ነበር፤ የስልኩን በግ ማለቴ ነው። እናልሽ አንድ ቀን የስልኩን በቆሎ ስሰበስብ፣ ማድረቂያ አልጋው ላይ የተሰጣው እውነተኛው ቡናችን በዝናብ ራሰ። ረቢያ ሮጣ ሸፈነችልኝና «አንቺ ሴት፣ የምትበዪው ከየትኛው እርሻሽ ነው?» ብላ ሰፈሩን አሳቀችብኝ።

ቀልዱ እዚህ ላይ ያበቃል። አንድ ሰሞን፣ በስሙ ቦታ ነጥብ ብቻ ያስቀመጠ ሰው «ጎረቤት ልሁን» ሲል ጠየቀኝ። ሻሚል የማታውቂውን አትቀበዪ ብሎኝ ነበር። እኔ ግን ጎረቤት ልሁን ያለን ሰው እምቢ ማለት ነውር መስሎኝ ተቀበልኩት። እርሻውን ለማየት ሄድኩ። እታገኝ፣ ግቢው የእኛ ግቢ ነው። ጓሮው ያለው አቮካዶ፣ የእንሰቱ ረድፍ፣ ወደ ምንጩ የሚወርደው ጠመዝማዛ መንገድ፣ ሁሉም በቦታው። ቀፎዎቹም አፋቸው ወደ ቤቱ የዞረ ነው። ሰው ሁሉ የቀፎውን አፍ ከቤት ያዞራል፤ ወደ ቤት የሚያዞር ማን እንደነበረ ታውቂያለሽ። ንብ በነደፈን ቁጥር እማዬ ስትጮህበት፣ ወንድማችን ባስልኤል «ቤታቸውን ይልመዱ ብዬ ነው» እያለ ይስቅ ነበር።

ማነህ ብዬ ጻፍኩለት፤ መልስ የለም። ግቢያችንን ያየ ሰው ይሆናል፣ ወይም ከባስልኤል የሰማ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ከዚያ ሐሙስ ለታ ነፋሱ የአቮካዶውን ትልቅ ቅርንጫፍ ገንጥሎ ጣለው። በማግሥቱ ብከፍት የእሱም ዛፍ ያ ቅርንጫፍ የለውም።

ይህ ሁሉ የሆነው በምን ሰሞን መሰለሽ? ባስልኤል ወርቅ ልቆፍር ብሎ በማጂ በኩል ከወጣ ወዲህ ድምፁም ሬሳውም አልመጣ፤ አጎታችን ጋሽ ጥበቡ «እንግዲህ ይበቃል፤ ልጁ ይለቀስለትና እናቱ ትረፍ» ብለው ለቅሶውን ላለፈው እሑድ ቆርጠው ነበር። እኔም ያየሁትን ለእማዬ ብነግራት ተስፋዋን በከንቱ እቀሰቅሳለሁ፣ ባልነግራት በሕይወት ያለ ልጇን ታለቅስ ይሆናል እያልኩ ሳልነግራት ሰነበትኩ።

ቅዳሜ የእድሩ ልጆች ድንኳን ሊተክሉ ካስማ ሲመቱ ስልኬን ከፈትኩ። የዚያ ሰው እርሻ ባዶ ነው፤ ቤት የለ፣ ቀፎ የለ፣ ዛፍ የለ። እሱ የእኔ ደጃፍ ላይ ቆሟል። ጌሙ ውስጥም ይዘንባል። «ልግባ?» የሚል ከላዩ ተጽፏል፤ ባለቤቱ ካልፈቀደ መግባት አይቻልማ። እማዬ ለካ ከትከሻዬ በላይ ስታይ ኖሯል። ማነው ብላ እንኳ አልጠየቀችም። «ምን ታይዋለሽ? ልጁን ዝናብ ላይ አቁመሽ!» አለችኝ። ጋሽ ጥበቡ እማዬን በስሟ ጠርተው «አሰጋሽ፣ በእናትሽ፣ ሰው አታስቂብን፤ ይሄ የሕፃን መጫወቻ ነው» ብለው ሳይጨርሱ ጣቷን ሰደደችና ፈቀደችለት።

ገባ። ለእንግዳ ያዘጋጀኋቸውን ወንበሮች አልፎ፣ ከውስጠኛው ክፍል ጥግ ጀርባውን ሰጥቶን ተቀመጠ። እማዬም ወደ ውጭ ወጥታ «እንግዳ እቤቴ ተቀምጦ ለቅሶ አልቀመጥም፤ ንቀሉት» አለቻቸው። ድንኳኑ ተጠቅልሎ ሄደ። ጋሽ ጥበቡ እስከ ዛሬ አኩርፈዋል።

ከዚያ ወዲህ ስልኩ የእማዬ ሆኗል። መብራት ሲጠፋ ሻሚል ዘንድ ሄዳ በጄኔሬተር ቻርጅ ታስደርጋለች። ሻሚል አይቶት «እማማ፣ ይሄ ሰውዬ ኦንላይን አይደለም፤ ከገባ ጀምሮ በዚያኛው በኩል ስልኩን የነካ የለም» አላት። «ታዲያ ደክሞት ይሆናላ» ብላው መጣች። ትናንት ግን ፊቱን ወደ እኛ አዙሮ አገኘነው። ጌሙ ለሁሉም የሚሰጠው አንድ ዓይነት ፊት ነው፤ የእኔም የረቢያም ሰውዬ ያው ናቸው። እማዬ አየት አደረገችውና «ከስቷል» አለች።

እህቴ፣ ያ ጎረቤት አንቺ ከሆንሽ አልቆጣም፤ ላምያ ግን ለጌም ጊዜ እንደሌለሽ ነግራኛለች። ብቻ አንቺ ከሆንሽ ለእማዬ ሳትነግሪያት እንዳታስወጪው።

አብራሽ ለምታድረው ለማርዋ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። እማዬ አገላብጣ ስማሻለች። ረቢያ እና ሻሚል ሰላም ብለውሻል፤ ጋሽ ጥበቡም ኩርፊያቸው ሲበርድ ሰላም ይሉሻል። ያ ሰው ከተቀመጠበት ከተነሳ፣ ወይም አንድ ቃል ከተናገረ፣ እዚህ ለማንም ትንፍሽ ሳልል መጀመሪያ ለአንቺ እጽፋለሁ።

እህትሽ በየነች
ሚዛን ተፈሪ፣ ኅዳር 10 ቀን 2017 ዓ.ም.