«ቆይ እስኪ» ያለ ማንኪያ

ውድ ሃርመን፣

ስልክ አታነሳም። ለላኩልህ መልእክት ሁሉ ጆሮ ዳባ ልበስ ብለሃል። እሺ፣ እንግዲህ ደብዳቤ እጽፍልሃለሁ፤ ደብዳቤ ሳትከፍት መጣል እንደማይሆንልህ አውቃለሁ። ሐሙስ ከሰዓት እዚህ ግሮኒንገን የመጽሔቱ ስብሰባ አለ። አዲሱ ዋና አዘጋጃችን ኤልኮ የማንኪያውን ደንብ ሊያስቀር ነው። አንተ ካልመጣህ ይሳካለታል። ነገሩ ይኸው ነው፤ ከዚህ በታች ያለው ንዴቴ ነው።

ለመሆኑ መጽሔታችን «ቆይ እስኪ» እንዴት እንደተጀመረች ታስታውሳለህ? እናትህ «ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ምንድን ነው የምታስተምረው?» ብለው ጠየቁህና አንድ ሰዓት ሙሉ አስረዳሃቸው። ሲሰለቻቸው «ጎሽ ልጄ፣ ዋናው ጤና ነው» አሉህ። በማግስቱ ከብስክሌት ጠጋኙ ሱቅ በላይ ባለችው ኩሽናህ አስቀምጠኸኝ «ቲኔከ፣ እናቴ የማትረዳውን ፍልስፍና ምን ላድርገው?» አልከኝ። ዓይንህ እንባ አቅርሮ ነበር። እኔም ሞኟ አብሬህ ገባሁበት።

ማንኪያውንም ያመጣኸው አንተው ነህ። ጸሐፊው ቆሞ ጽሑፉን ጮክ ብሎ ያነባል። እኛ ብስኩት አንድ አንድ ወስደን፣ የብስኩቱ ቆርቆሮ ተከድኖ፣ ቡናችንን ይዘን እንሰማለን። ነገሩ የጠፋበት ሰው ጠረጴዛውን በማንኪያ ይመታል። ከተመታ ጽሑፉ ወደ ቤት ይመለሳል፤ ፕሮፌሰርም ይሁን ማንም። ስንቱን መለስን! አንዱማ ተናዶ ሲወጣ ኮቱን ረስቶ ሄደ።

እኛም ብንሆን ጉዶች ነበርን። «ማርፈድ ውሸት ነው ወይ?» የሚለው የመጀመሪያው እትም ሦስት ሳምንት ዘግይቶ ወጣ፤ አንባቢዎች ሆን ብለን ያደረግነው መስሏቸው «እንዴት ያለ ብልሃት ነው!» ብለው ጻፉልን። ስለ መወሰን ያዘጋጀነው እትም ደግሞ ሽፋን መምረጥ አቅቶን በሁለት ሽፋን ታተመ። አታሚው «እናንተ ሰዎች ለመሆኑ ምሳ እንዴት ታዛላችሁ?» እያለ ሲስቅብን ከረመ።

ከዚያ ያንተ ተራ መጣ። ስለ ብቸኝነት የጻፍከውን ስታነብ ማንኪያውን እኔ መታሁ። አዎ፣ እኔ! ከሁለተኛው ገጽ በኋላ አንዲት ነገር አልገባኝም ነበር። ዛሬም ብታነበው እመታለሁ፤ ይቅርታም አልጠይቅህም።

«አንቺም?» አልከኝ።

«ኧረ ሃርመን፣ ምን እንደምትል እኮ አልገባኝም!»

«አልገባሽም ነው ወይስ አልፈለግሽም?»

«አልገባኝም! ሰው በሚገባው የደች ቋንቋ ንገረኝ!»

ወረቀትህን ሰብስበህ ወጣህ፤ ይኸው ሁለት ዓመት ሆነህ። ስንት ሰው ባስለቀስክበት ሕግ አንድ ቀን ተነካህና አኮረፍክ። ስድሳን አልፈሃል እኮ፣ ሰውዬ!

አሁን ኤልኮ «ምሁራኑ እንደ ተማሪ ተነስተው ማንበብ አይፈልጉም፣ ይሄ ነገር ጊዜው አልፎበታል» እያለ ሁሉንም አሳምኗል። ደንባችን ሁለቱ መሥራቾች፣ እኔና አንተ፣ አብረን እንቢ ያልነው ነገር አይለወጥም ይላል። ግን ደግሞ ከስብሰባ የቀረ እንደተስማማ ይቆጠራል ይላል። ይቺን ማን ጻፋት? አንተ! ሰዎች ስብሰባ እየቀሩ አናደውህ። ፈላስፋ ነኝ የሚል ሰው ራሱን እንዲህ ጠልፎ ይጥላል? ኤልኮ «ሃርመንማ ተስማምቷል» ብሎ ትከሻውን ሲሰብቅ ብታየው፣ አንጀትህ ያርር ነበር።

ማንኪያው ከቀረ መጽሔቷ የኤልኮና የጓደኞቹ መጻጻፊያ ትሆናለች። እናትህን የመሰለ ሰው ገና ከመጀመሪያው ገጽ ይዘጋታል። ዕድሜዬን የሰጠሁት ነገር ነው፣ ሃርመን። ያመኛል።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ባለፈው ወር ከፍሪስላንድ፣ ዌበ ቴርፕስትራ ከሚባል ሰው ጽሑፍ መጣልን። «መምጣት አልችልም፣ እባካችሁ አንብቡልኝ» ይላል። ስለ ኩርፊያ ነው። ቆሜ አነበብኩለት። መሃሉ ላይ ሰውዬው ሐሳብ ይዞት የአተር ሾርባ ያሳርርና፣ ጎረቤት እንዳያይበት ድስቱን ከነሾርባው አልጋ ሥር ይደብቃል። አንተ ጉደኛ! ያንን ድስት ከአልጋህ ሥር ጎትቼ ያወጣሁት እኮ እኔ ነኝ! መጀመሪያ ሳቄ መጣ፣ ቀጥሎ እንባዬ መጣ፤ ጉንፋን ነው ብዬ ተናፈጥኩ። ማንኪያውን ማንም አልነካም። ኤልኮ ሳይቀር «ሰውዬው ማነው? ሌላም ይላክልን» አለ።

እንግዲህ ምን ቀረህ? የማንኪያው ጥቅም ገብቶሃል እኮ! ያ ጽሑፍ እንደዚያ ጥርት ያለው ማንኪያ ስለተመታብህ ነው፤ ለኤልኮ ይህንን መንገር የምትችለውም አንተ ብቻ ነህ።

ጽሑፉ በሚመጣው እትም ይወጣል፤ ግን በዌበ ስም አይደለም፣ በገዛ ስምህ ነው የማወጣው፤ ከሥሩም ስንት ዓመት እንዳኮረፍክ እጽፍበታለሁ። ካልፈለግህ ሐሙስ መጥተህ ፊት ለፊት ተቃወመኝ። ከቀረህ ግን እንደተስማማህ እቆጥረዋለሁ።

እንዳናደድካት ያለችው፣
ቲኔከ