በኽምጣንጋ የቀረጽኩት ትምህርት

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 1999 ዓ.ም.፣ ሰቆጣ

አቶ ደሳለኝን ይቅር አልለውም። የማሠልጠኛችን ኃላፊ ስለሆነ፣ የኮምፒውተሩን ስክሪን እየቀረጽኩ በድምፄ ያብራራኋቸውን አሥራ ሁለት ትምህርቶች አምኜ በሲዲ አስረክቤው ነበር። ዛሬ ጠዋት ከየወረዳው በመጡት መምህራን ፊት ሲዲው ሲከፈት የተሰማው የእርሱ ድምፅ ነው። በስክሪኑ ላይ ቀስቷን የሚያንቀሳቅሰው የእኔ እጅ ነው፤ የሚያነበውም እኔ የጻፍኩትን ነው።

ለብቻው አግኝቼ ጠየቅኩት።

"አትቀየሚ እንጂ እህት ዓለም፤ አማርኛሽ ኽምጣንጋ ኽምጣንጋ ይላል። ለእንግዳ አይሆንም" ብሎ ሳቀብኝ።

ከሰዓት በኋላ በሩን ዘግቼ የመጀመሪያውን ትምህርት በራሱ በአፍ መፍቻ ቋንቋዬ በኽምጣንጋ ቀረጽኩት። ፋይል ስለማስቀመጥ ሳስረዳ፣ እናቴ እህል ወደ ጎተራ ስታስገባ የምትለውን ቃል ተጠቀምኩ። ቅጂውን ስከፍተው ከደሃና ወረዳ የመጡት አረጋዊ መምህር ሰምተው፣ "አንቺ ልጅ፣ ይኼንንስ ባለቤቴም ትሠራዋለች! የቀረውን መቼ ትሰጭናለሽ?" አሉኝ። የሰሙት ሁሉ ቅጂ ጠየቁ።

ወሬው ለአቶ ደሳለኝ ደረሰ። እርሱ የሌላ አገር ሰው ነው፤ ከኽምጣንጋ አንዲት ቃል አያውቅም። ሆኖም "የተናገርሽውን በፊደል ጽፈሽ ስጪኝ፤ ነገ በሥልጠናው መዝጊያ ላይ ቆሜ አነበዋለሁ" አለኝ።

"እሺ፣ በደስታ" አልኩት።

አሳስቼ ልጽፍለት እችል ነበር፤ ነውር ነው። አንዲት ፊደል ሳላዛባ ገልብጬ ሰጠሁት። "አብረን እንለማመደው?" ስለው "ንባብ ንባብ ነው" አለ። የደሃናው መምህር የፊት ወንበር እንዲይዙ ነግሬያቸዋለሁ። እኔም ከአጠገባቸው እቀመጣለሁ። ሲሰናከል ቀና ብሎ እኔን ማየቱ አይቀርም። አላርመውም።