ቀድሞ የተቀበረው የዘይዳን እግር

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለናሽዋን፣ ጅዳ።

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላህ። እንዴት ከርመሃል? ወገብህስ ተሻለህ? ባለቤትህና ልጆችህስ ደህና ናቸው? እኛ፣ አልሃምዱሊላህ፣ ቆመን እንሄዳለን። በስልክ «ወንድምህ ዘይዳን ደህና ነው» ያልንህ በሰው አገር እንዳትደነግጥ ብለን ነው እንጂ፣ ደህና አልነበረም።

ፈንጂ የመታው እግሩ ብረት ገብቶለት ከታኢዝ ወደዚህ ወደ ኤደን ሆስፒታል ካመጣነው ወዲህ ቁስሉ አልደርቅ አለ። መግል ቋጠረ፤ ትኩሳቱም አልለቅ አለው። መግሉን መርምረው ሲጨርሱ ሐኪሟ ዶክተር አሽዋቅ ጠራችንና «ጀርሙ መድኃኒቱን ተላምዶታል። የቀረን አንድ መድኃኒት ብቻ ነው፤ እሱም ኩላሊቱን እየጎዳው ነው» አለችን። አንተ የላክኸውን እንክብል ባሳያት «ይኼንንማ ጀርሙ እንደ ከረሜላ ነው የሚበላው» ብላ መለሰችልኝ።

ከዚያ ለብቻው ክፍል አስገቡት። ያለ ጋዋንና ያለ ጓንት መግባት ክልክል ሆነ። እማዬ ልትስመው ስትጠጋ ነርሷ ብትይዛት «አምጬ የወለድኩትን በላስቲክ ልዳብሰው?» ብላ አለቀሰች። ቀድሞ አጠገቡ ተኝተው የነበሩት ሽማግሌ በዚያው ጀርም ሲሞቱ ግን እሷም ጓንቱን አጠለቀች።

እግሩ ካልተቆረጠ መርዙ ደሙ ውስጥ ይገባል ሲባል አባባ ቱግ አለ። «ልጄ በሁለት እግሩ ነው የሚወጣው! መቁረጥ ያማረው የእኔን ይቁረጥ!» ብሎ በሩን ዘግቶ ቆመ። ሐኪሟ ለመነችው፣ እኛም ለመንነው፤ አሻፈረኝ አለ። ዘይዳን ከአልጋው ላይ እየተንቀጠቀጠ ሰማው። «አባባ፣ ልጄ ከተወለደች አንድ ቀን እንኳ አላቀፍኳትም። ሰው የሚታቀፈው በእጅ ነው፤ እግሩን ተውላቸው» አለው። አባባ ከበሩ ዞር አለ።

ቀዶ ጥገናው ሲያልቅ እግሩን በላስቲክ አሽገው «እንዳትከፍቱት» ብለው ሰጡን። አባባ ለማንም አላሸክምም ብሎ ራሱ ታቅፎት ሄደ። እንደ ሰው በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ መቃብር ቆፍሮ ቀበረው።

ትኩሳቱ አሁን በርዷል። ሐኪሟ ግን «ገና አላመለጥንም» ትላለች፤ ኩላሊቱም ያሰጋታል። ትናንት አባባ ጋዋኑን ለብሶ ገባ። ዘይዳን ፊቱን ሸፍኖ ተኝቶ ነበር። አባባ ገለጠና በጓንት እጁ ግንባሩን ዳበሰው፤ «እግርህ ቀድሞህ ሄዷል፤ አንተ ግን እንዳትቸኩል ልጄ» አለው። ዘይዳን ሳቀ። ከቆሰለ ወዲህ ሳቁን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

እማዬ «ዱዓህ አይለየን» ትልሃለች። አባባ ሰላም ብሎሃል። ዘይዳንም «እኔን ብለህ ሥራህን ትተህ እንዳትመጣ» ብሎሃል። ለባለቤትህ ለቡሽራ ሰላምታዬ ይድረሳት፤ ትንሹን ሙቅቢልን ሁለት ጉንጩን ሳምልኝ። አላህ በሰላም ያገናኘን።

እህትህ ታቂያ
ኤደን፣ ረጀብ 12 ቀን 1440 ዓመተ ሂጅራ