ባሬላ ከኋላ

ጥቅምት 4
ከሰኪና ጋር አሸዋ በባሬላ ስናወጣ ዋልን። እኔ ከፊት፣ እሷ ከኋላ። ሕንፃው ሦስተኛ ፎቅ ደርሷል፣ ወገቤ ግን ምድር ቤት ቀርቷል። ለፎርማኑ ለፍቅሩ ልንገረው? "እረፊ" ይለኛል። እሱ ዘንድ እረፊ ማለት ነገ አትምጪ ነው። ወገቤን በመቀነት ጥፍር አድርጌ አስሬ ዝም...

ጥቅምት 5
አቡዬን ልሳለም ሳሪስ ሄድኩ። ወገቤን ማሩልኝ አልኳቸው። ግን እሳቸው ስለ ባሬላ ምን ያውቃሉ?

ጥቅምት 9
ጤና ጣቢያ። ነርሷ "ከባድ ነገር እንዳታነሺ" አለች። ታዲያ ምን ላንሳ? ፎቶ?

ጥቅምት 12
ነውር ሠራሁ። አሸዋ የሚሞላልንን ለሜሳን "ወደ ኋላ ከምርልኝ" አልኩት፣ ሰኪና ሳትሰማ። መወጣጫው ላይ ሸክሙ በሙሉ ወደሷ ሄደ። ወገቤ ሰላም ዋለ። ደስ አለኝ እኮ! ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ጥቅምት 16
ዛሬም እንደዚያው። ሰኪና ዝም ብላ ትወጣለች። እኔ ከፊት ሆኜ አንጎራጉራለሁ፣ አላፍርም።

ጥቅምት 18
ሰኪና መወጣጫው መሃል ቁጭ አለች። መነሳት አቃታት። ደግፈን ባጃጅ ውስጥ አስገባናት። ፍቅሩ አሸዋው ፈሰሰ ብሎ ይጮሃል። አፈር ይብላ።

ጥቅምት 20
ዓይኔን በጨው አጥቤ ብርቱካን ይዤ ቤቷ ሄድኩ። ተኝታለች። ሁሉንም ነገርኳት።
"አውቃለሁ" አለች።
ምኑን?
"ከኋላ የያዘ ሰው አሸዋው የት እንደተከመረ ያያል እኮ፣ አቻሜ። ስታነክሺም አይሻለሁ።"
ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?
"ብናገር ፍቅሩ ይሰማል። ያባርርሻል።"
አለቀስኩ። እሷ ሳቀችብኝ፣ ሳቁ ደግሞ ወገቧን አመማት።

ጥቅምት 27
አዲሱ ኮንክሪት እንዳይሰነጠቅ ውሃ የምታጠጣው ሴትዮ ሥራ ለቀቀች። ጎማ ይዞ መቆም ብቻ፣ ሸክም የለው። ፍቅሩ "አቻምየለሽ፣ አንቺ ያዢው" አለኝ። ስመኘው የኖርኩት ሥራ...
"ለሰኪና ይሁን" አልኩት።
"ታማ የለም እንዴ?"
"ለዚህ ትደርሳለች።"
ደደብ አፍ። ወደ ቤት ስመለስ መንገዱን ሁሉ ራሴን ስሰድብ መጣሁ።

ኅዳር 3
ሰኪና ጎማዋን ይዛ ስታጠጣ ዋለች። እኔ እምነት ከምትባል አዲስ ልጅ ጋር ተጣመርኩ። ከፊት አደረግኳት። ገና ሃያ ዓመቷ ነው፣ ወገቧ ያልተነካ። መወጣጫው መሃል ስንደርስ ሳትዞር "እትዬ፣ ከበደዎት እንዴ?" አለችኝ።
"ዝም ብለሽ ውጪ" አልኳት።