ሳይበሰብስ የቀረው አደንጓሬ

ሚዛን ተፈሪ፣ መጋቢት 11 ቀን 1997 ዓ.ም.

ውድ እማማ አስካለች፣

እኔ ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ውሸት ይሆንብኛል። ፈርቻለሁ። ዛሬ ጠዋት መናኸሪያው በር ላይ ቆሜ ወደ እናንተ ቆላ ስመለከት ሰማዩ ጠቁሯል። ያ ደመና ከዚህ ደብዳቤ ቀድሞ እርስዎ ዘንድ እንዳይደርስ ነው ፍርሃቴ።

ኅዳር ላይ ያደረግነውን አይረሱትም። ያ አሸዋማ መሬትዎ ሦስት ዓመት ሙሉ በቆሎ አልሰጥ ቢልዎ፣ እኔ የግብርና ባለሙያው፣ መስከረም ላይ አደንጓሬ እንዲዘሩበት መከርኩዎት። ኅዳር ላይ ሲያብብ ደግሞ ከነቅጠሉ አፈር ውስጥ እንቅበረው አልኩ። ዶማዎን ይዘው ቆመው፣ «ልጄ፣ ሦስት ሳምንት ብንታገሰው የሚበላ ነገር እንዴት ይቀበራል?» አሉኝ።

«አፈሩም ተርቧል እማማ። እሱ ሳይበላ እኛ አንበላም።»

ሳቁና፣ «እንግዲህ የተማርከው አንተ ነህ» ብለው መቆፈር ጀመሩ። በዚያ ሰሞን በቤትዎ ከጎመን ሌላ እንዳልነበረ አውቅ ነበር።

እኔ የማሻ ልጅ ነኝ። በእኛ ጫካ የወደቀ ቅጠል ብዙም ሳይቆይ አፈር ይሆናል፤ ዝናቡ መች ያባራና። እናንተ ዘንድ ግን እኛ ስንቀብር ዝናቡ ሊያበቃ ጥቂት ቀን ነበር የቀረው። ይህን ማሰብ ነበረብኝ፤ አላሰብኩም። ጥር ላይ ብቻዬን ሄጄ ማሳዎን ጫር ጫር አድርጌ አየሁት። አደንጓሬው እንደ ጭድ ደርቆ እንዳለ ተቀምጧል፤ ምስጥ ጀምሮታል። ከጎጆዎ ወጥተው «እንዴት ነው?» ሲሉኝ፣ «ደህና በስብሷል፤ የመጀመሪያው ዝናብ እንደጣለ በቆሎዎን ይዝሩ» አልኩዎት። ዓይንዎን ማየት ፈርቼ ነው። በሳምንቱ ስልጠና አለብኝ ብዬ ወደ ሚዛን ወጣሁ። ስልጠና አልነበረም።

እማማ፣ አይዝሩ። ያ የደረቀ ሁሉ መበስበስ የሚጀምረው ገና ዝናብ ሲያገኝ ነው፤ ዘሩንም አብሮ ያበላሸዋል። ከምድጃው በላይ ያንጠለጠሉት በቆሎ የመጨረሻ ዘርዎ ነው። ከዝናቡ በኋላ ሦስት ሳምንት ይታገሱ። ከዚያ አፈሩን በእጅዎ ዘግነው ይዩት፤ ቅጠሉ ከአፈሩ ተለይቶ የማይታይ ከሆነ ያን ጊዜ ይዝሩ።

እዚህ ላይ ጨርሼ ፖስታውን አሸግኩና ለጭነት መኪናው ሾፌር ለካሣዬ ሰጠሁት። እሱ ከመገንጠያው አያልፍም፤ ከዚያ ወዲያ በእግር ለሚሄድ ሰው ያቀብለዋል። የእርስዎን ስም ሲያይ፣ «ታዲያ ማን ያነብላቸዋል?» አለኝ።

ልጅዎ የምሥራች ከቴፒ የምትልክልዎን ደብዳቤ ሁሉ የማነብልዎ እኔ ነበርኩ። በመንደሩ ሌላ ፊደል የቆጠረ የለም።

ፖስታውን ቀድጄ ይህን የምጨምረው ጋቢናው ውስጥ፣ ከካሣዬ ጎን ተቀምጬ ነው። ደመናው ከፊታችን ነው። ይህን በሚሰሙበት ሰዓት እኔው ፊትዎ ቆሜ እያነበብኩልዎ ነው፤ በጥር ወር የዋሸሁዎትንም አልዘለልኩም።

ልጅዎ ጴጥሮስ